ጎተራውና ነቀዙ፦ የሲዲ ፎርና የቫይራል ሎድ ቁጥሮች ለአብርሃ ጅራ የቀን ሠራተኛ ምን ይነግሩታል?

አብርሃ ጅራ ላይ በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ተቀምጠን ሳለ አንድ የቀን ሠራተኛ ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። የሰሊጥ አጨዳው የተጋመሰበት ወቅት ነበር። ወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር ተጽፏል፤ 412። ከጎኑ ያለው ቀን ግን አራት ዓመት ያለፈው ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይኼ ቁጥር ደህና ነው?» አለኝ። እኔ የተማርኩት ሕግ ነው። ሆኖም ሰውየው ይህን ወረቀት እንደ መታወቂያ ይዞት ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ደጋ ሲመላለስ አራት ዓመት ማለፉ ከነከነኝና ጠይቄ፣ አንብቤ፣ የገባኝን ያህል እዚህ አስቀምጫለሁ። ስሙን አልጠቅስም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወረቀቱ ላይ ያለው የሲዲ ፎር ቁጥር ነው። ሲዲ ፎር ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን ሲሆን፣ የሰውነትን የበሽታ መከላከያ ሠራዊት የሚያዝ ሻለቃ ማለት ነው። ኤችአይቪ መርጦ የሚገባውም በእሱ ውስጥ ነው። ቁጥሩ የሚነግረን በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ ስንት ሲዲ ፎር እንዳለ ነው። ከ200 ሲወርድ በጤናማ ሰው ላይ እምብዛም የማይታዩ ተጓዳኝ በሽታዎች ይመጣሉ፤ ከ100 ሲወርድ ደግሞ የአንጎል ሽፋንን የሚያጠቃው የክሪፕቶኮከስ ፈንገስ ሳይቀር በር ያንኳኳል።

«ጤነኛ ሰው ስንት ሊኖረው ይገባል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ አገሩ ነው። ይህን ያወቅነው ከገዛ አገራችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ሲከታተል፣ ቫይረሱ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን የሲዲ ፎር አማካይ ከ800 ጥቂት ያነሰ ሆኖ አገኘው፤ የሆላንዶቹ ወደ 1,000 የተጠጋ ነበር። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ 500 ቢኖረው የግድ ሩቡን ወይም ግማሹን በቫይረሱ ተነጥቋል ማለት አይደለም፤ ሲነሳም ያን ያህል አልነበረውም ይሆናል። በነጮች ደም የተሠራ መለኪያ ለሁሉ እንደማይሆን ያስተማረን ይህ ሥራ እንደሚገባው አልተወራለትም የሚል እምነት አለኝ።

ደግሞም ቁጥሩ በአንድ ሰው ላይ እንኳ አይጸናም። ጠዋት ዝቅ ይላል፤ ማታ ከፍ ይላል። ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ እርግዝና፣ ጉንፋን ሳይቀር ያወዛውዙታል። ያለ አንዳች የበሽታ ለውጥ ከሩብ በላይ ሊወርድ ወይም ሊወጣ ይችላል። 412 የነበረው ሰው በሌላ ቀን 320 ቢባል መደንገጥ የለበትም። ሐኪም የሚያየው አንዷን ቁጥር ሳይሆን የሦስትና የአራት ቁጥሮችን አቅጣጫ ነው። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ደግሞ ቁጥሩ ከትልቅ ሰው ስለሚበልጥ በመቶኛው መመዘኑ የተሻለ ነው።

በዚያ በመድኃኒት እጦት ዘመን ይህ ቁጥር የሞትና የሕይወት ፍርድ ነበር። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው በክፍያ ነበርና አቅም ላለው ብቻ ነበር። በነፃ ሲሆንም ለሁሉም አልነበረም፤ ሲዲ ፎሩ ከ200 የወረደ፣ ወይም በሕመሙ ደረጃ የከፋ ሰው ይቅደም ተባለ። ማሽኑ በሌለበት ጤና ጣቢያ የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ጠቅላላ የሊምፎሳይት ቁጥር ከ1,200 በታች ከሆነ ምልክት ላለው ሰው እንደ ምትክ ያገለግል ነበር። ምትኩ ሸካራ ነበር፤ ሆኖም ቁጥር ከሌለው መንደር ቁጥር ያለው ይሻል ነበር። ከዚያ በኋላ ደፉ ከፍ እያለ ሄደ። በ2010 እ.ኤ.አ. 350፣ በ2013 ደግሞ 500 ሆነ። በ2015 ስታርት የተባለው ከ4,600 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ፣ ቁጥሩ ከ500 በላይ ሳለ መድኃኒት መጀመርም ከማዘግየት እንደሚሻል ስላረጋገጠ ደፉ ራሱ ተነሳ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት «ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ይጀምር» አለ፤ ኢትዮጵያም ብዙ ሳትቆይ ተከተለች።

እንግዲህ ሲዲ ፎር ለመጀመር ፈቃድ መስጠቱ ቀረ። ታዲያ መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ወዴት እየሄደ እንደሆነ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ ሁለተኛው ቁጥር፣ ቫይራል ሎድ፣ ማለትም በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውኃ ውስጥ ያለው የቫይረስ ቅጂ ብዛት ይመጣል።

ለቆላ ሰው በጎተራ ባስረዳ ይሻላል። ሲዲ ፎር በጎተራው ውስጥ የቀረው እህል ነው። ቫይራል ሎድ የነቀዙ ብዛት ነው። እህሉን ብቻ ያየ ገበሬ ዛሬ ለስንት ወር እንደሚበቃው ያውቃል፤ ነቀዙን ያየ ግን ከሦስት ወር በኋላ ምን እንደሚቀረው ያውቃል። ሁለቱን ያየ ደግሞ መቼ እንደሚራብ ይናገራል።

ይህ ተራ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ የአሜሪካውያን ጥናት፣ መድኃኒት በሌለበት ዘመን የተቀመጠ የ180 ወንዶችን ደም መርምሮ በአራት መደባቸው። ቫይረሳቸው ከ4,530 ቅጂ ያልበለጠው በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ኤድስ የደረሱት ከመቶ 8 ነበሩ። ከ36,270 በላይ ከነበራቸው ግን ከመቶ 62 ደርሰዋል። ያን ጊዜ የሚታመንባቸው ኒኦፕተሪን፣ ቤታ ቱ ማይክሮግሎቡሊንና ፒ 24 የተባሉ ምልክቶች ከዚያ ወዲያ ቀስ በቀስ ከዕለት ተዕለት ሕክምና ወጡ።

መድኃኒት ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከ12,000 በላይ ሕሙማንን ያጠቃለለ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መድኃኒት ሲጀመር ያለው ሲዲ ፎር ትልቁ ተንባይ መሆኑን አሳየ። የመነሻ ቫይራል ሎድ ዋጋ የነበረው ከ100,000 በላይ ሲሆን ብቻ ነው። በዓመቱ እነዚሁ ተመራማሪዎች የስድስተኛውን ወር ውጤት ሲጨምሩበት ደግሞ ይበልጥ የሚገርም ነገር አገኙ። ስድስት ወር መድኃኒት የወሰደ ሰው የወደፊት ዕጣ የሚወሰነው በስድስተኛው ወር ባለው ሲዲ ፎርና ቫይራል ሎድ ነው፤ ሲጀምር የነበረው ቁጥር ከዚያ በኋላ ብዙም አይናገርም። በ50 ሲዲ ፎር በቃሬዛ የመጣ ሰው በስድስት ወሩ ቫይረሱ ከታፈነና ሲዲ ፎሩ ከተነሳ፣ መነሻው አይፈርድበትም ማለት ነው። በሕግ ቋንቋ የቀድሞ ጥፋት ይሰረዛል እንደማለት ነው።

መድኃኒቱ መሥራት ሲያቅተው ነገሮች የሚመጡበት ተራ አለ። መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል። ሲዲ ፎር ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴ ከዓመት በኋላ ይወርዳል። ሕመሙ ከሁሉም በኋላ ይመጣል። ስለዚህ በሲዲ ፎር ብቻ የሚጠብቅ ሐኪም ሌባው ከወጣ በኋላ በር እንደሚዘጋ ሰው ነው። ቀድሞ በእኛም አገር መለኪያው ይኸው ነበር፤ ሲዲ ፎሩ ወደ መነሻው ከተመለሰ፣ ከደረሰበት ጫፍ በግማሽ ከወረደ፣ ወይም ከ100 በታች ከቆየ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባል ነበር። ችግሩ በሁለቱም በኩል ነው። ቫይረሱ የተነሳበትን ብዙ ሰው አያይም፤ ቫይረሱ የታፈነለትን ሰው ደግሞ ያለ ጥፋቱ ወደ ውዱና ወደ ሁለተኛው መስመር መድኃኒት ይሰደዋል።

ይህን ስል ላቦራቶሪ ከሌለ ሕክምና የለም የሚሉትን መደገፌ አይደለም። በዩጋንዳና በዚምባብዌ ዳርት የተባለ ከ3,300 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ነበር። ግማሾቹ በመደበኛ የላቦራቶሪ ክትትል፣ ግማሾቹ በሐኪም ዓይን ብቻ ተከታትለዋል። በአምስት ዓመት በሕይወት የተገኙት በመጀመሪያዎቹ ከመቶ 90፣ በሁለተኛዎቹ ከመቶ 87 ናቸው። ልዩነቱ እውነት ነው፤ የሚታየውም ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ ነው። ነገር ግን ማሽን የለም ተብሎ መድኃኒት ቢከለከል ኖሮ የሚጠፋው ሕይወት ከሦስት በመቶ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ያኔ አገራችን ማሽኑን ሳትጠብቅ መድኃኒቱን በጤና ጣቢያዎች ማዳረሷ ልክ ነበረች።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቫይራል ሎድን ቀዳሚ መከታተያ አድርጎታል። በእኛም አገር ከስድስት ወር በኋላ፣ በዓመቱ፣ ከዚያ በየዓመቱ እንዲለካ የሚለው አሠራር ገባ። ቁጥሩ ከ1,000 ቅጂ ከበለጠ መድኃኒት ወዲያው አይቀየርም። ለወራት የተጠናከረ የመድኃኒት አወሳሰድ ምክር ይሰጥና እንደገና ይለካል። በአንድ ምስክር እንደማይፈረድ ሁሉ በአንድ ውጤትም አይፈረድም። በሁለት ልኬቶች መካከል ያለ ልዩነት ቁም ነገር የሚሆነውም ቢያንስ ሦስት እጥፍ ሲሆን ነው፤ 200 የነበረ 350 ቢሆን ማሽኑም ደሙም የሚያመጣው መወዛወዝ ነው። አሁን አብዛኛው ሰው የሚወስደው ዶልቴግራቪር ያለበት እንክብል ቫይረሱ በቀላሉ የማይለምደው በመሆኑ፣ ከፍ ያለ ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መድኃኒቱ ተወስዷል ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ግን እንደ ክስ መቅረብ የለበትም። ሰሊጥ አጨዳ ላይ ውሎ ድንኳን ውስጥ ከሃያ ሰው ጋር የሚያድር ሰው እንክብሉን የት ይደብቀዋል?

እስካሁን የጻፍኩት ለአዲስ አበባም ይሆናል። ለመተማ፣ ለአብርሃ ጅራና ለአብደራፊ ግን የሚጨመር አለ፤ ካላ አዛር።

ክረምት ሲገባ ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ ከደጋው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ወደዚህ ቆላ ይወርዳል። ከዓመት ዓመት በእርሻው የሚከርመውን ነዋሪው ሳሉግ ይለዋል። ሠራተኛው ሌሊቱን የሚያሳልፈው ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር ነው። ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም የምትኖረው በግራሩ አካባቢና በተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ውስጥ ነው። ጥገኛ ተሕዋስያኑ የሚያጠቁት ያንኑ ኤችአይቪ የሚያጠቃውን የመከላከያ ክፍል ነው፤ ካላ አዛር ቫይረሱን ያባብሰዋል፣ ቫይረሱም ካላ አዛርን ይጠራዋል። ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሁለቱ ጥምር በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በአንዳንድ ዓመታት ከአምስት የካላ አዛር ሕሙማን ከአንድ የሚበልጠው ኤችአይቪ ተገኝቶበታል።

እዚህ ላይ የሁለቱ ቁጥሮች ስምምነት ይፈርሳል። ጥምር በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይራል ሎዱ ከታፈነ በኋላ እንኳ ሲዲ ፎሩ ለወራት፣ ለዓመታት ከ200 ሳይነሳ ሊቆይ ይችላል። ነቀዙ ጠፍቷል፤ ጎተራው ግን አልሞላም። ቫይራል ሎዱን ብቻ ያየ ሰው «ደህና ነህ» ብሎ ይሸኘዋል። ሲዲ ፎሩን ያየ ግን ካላ አዛሩ ሊመለስ እንደሚችል ያውቃል፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን የመመለሱ ዕድል ይበዛልና። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማንያ ማዕከልና ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት በሠሩበት በአብደራፊ የተደረጉት ሙከራዎች ዋጋቸው እዚህ ላይ ነው። ሊፖሶማል አምፎተሪሲንን ከሚልቴፎሲን ጋር አጣምሮ መስጠት አንዱን ብቻ ከመስጠት እንደሚሻል ከታየ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለምሥራቅ አፍሪካ ጥምር ሕሙማን ይህንኑ መከረ። ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ በተደረገ ሌላ ጥናት በየወሩ የሚሰጥ የፔንታሚዲን መድኃኒት በሽታው እንዳይመለስ መከላከያ ሆኖ ተሞክሯል። ይህን መከላከያ ማን ይጀምር፣ መቼስ ያቁም የሚለው ውሳኔ በዋናነት የሚታየው በሲዲ ፎር ቁጥር ነው።

ስለሆነም «ቫይራል ሎድ መጥቷል፣ ሲዲ ፎር ይቅር» የሚለው አነጋገር ለዚህ ቆላ አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 እ.ኤ.አ. ሲዲ ፎር ከ200 በታች የሆነን ጎልማሳ የተባባሰ በሽታ ያለበት ብሎ ለይቶ፣ የክሪፕቶኮከስና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ፈጥኖ እንዲደረግለት ያዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ከ200 በላይ ወይም በታች መሆኑን በመስመር ብቻ የሚያሳይ፣ ማሽን የማይፈልግ ፈጣን መመርመሪያም ተሠርቷል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከማንም በፊት ሊደርስ የሚገባው ለእንዲህ ያለው ቦታ ነበር።

ቫይራል ሎዱስ? ደሙ ከእጅ ተቀድቶ ቁጥር እስኪሆን ድረስ ያለው መንገድ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ደሙ በ24 ሰዓት ውስጥ በማሽን ተሽከርክሮ የደም ውኃው መለየት አለበት፤ ከዚያ በቅዝቃዜ ከቀናት በላይ አይቆይም። በመጋቢትና በሚያዝያ መተማ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ይሞቃል። ናሙናው ተጭኖ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር መሄድ አለበት፤ በአገራችን ይህን ሥራ ፖስታ ቤት ጭምር ሲያግዝ ቆይቷል። ለሩቅ ቦታ ደሙን በወፍራም ወረቀት ላይ ጠብ አድርጎ አድርቆ መላክም ይቻላል፤ ቅዝቃዜ አይፈልግም፣ ግን ዝቅተኛ ቁጥር ላይ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል። ለሳንባ ነቀርሳ የገባው ጂን ኤክስፐርት ማሽንም ቫይራል ሎድን በሁለት ሰዓት ውስጥ መለካት ይችላል፤ እሱም ቢሆን ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ አይሆንለትም። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተነሳው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት ደግሞ የናሙናው ሣጥን ከሰው እኩል ተጠብቆ ቀርቷል።

ሠራተኛው በሐምሌ ደሙን ይሰጣል። ውጤቱ ሲመጣ እሱ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ተዛውሯል፤ ሰሊጡ ታጭዶ ሂላ ሆኖ ሲቆም ወደ ጎጃም ወይም ወደ ወሎ ይመለሳል። ውጤቱ በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ አያየውም። እ.ኤ.አ. በ2017ና በ2018 በተካሄደው የከተሞች የኤችአይቪ ጥናት፣ ቫይረሱ ካለባቸው መካከል 79 በመቶ ገደማ ራሳቸውን ያወቁ፣ ካወቁት 97 በመቶው መድኃኒት የጀመሩ፣ ከጀመሩት 88 በመቶው ቫይረሱ የታፈነላቸው መሆኑ ተገኝቷል። ጥናቱ ግን ስሙ እንደሚለው የከተማ ነው። የእርሻ ካምፕ ድንኳን አንኳኩቶ አልጠየቀም።

የቁጥሩ መዘግየት ለእሱ ምን እንደሚያሳጣው የገባኝ ዘግይቶ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ማብቂያ ጀምሮ ሁኔታቸው ለተረጋጋ ሰዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት ጀምራለች። መረጋጋቱን የሚያስመሰክረው ዋናው ማስረጃ የታፈነ ቫይራል ሎድ ነው። ስድስት ወር ማለት ለቀን ሠራተኛ ከአረም እስከ አጨዳ ያለው ጊዜ ነው። ያ ወረቀት ያለው ሰው መድኃኒቱን ይዞ ቆላ ይወርዳል፤ የሌለው ግን ወይ በየወሩ ሥራ እየተወ ይመላለሳል፣ ወይ መድኃኒቱን ያቋርጣል። ቁጥሩ በጊዜ ካልደረሰው የሚያጣው እንጀራውን ነው።

አሁን ስሙን ወዳልጠቀስኩበት ምክንያት ልመለስ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ሚስጥርን ማውጣት ያስቀጣል፤ ውጤቱን የመዘገበው፣ ያጓጓዘውና ያነበበው ሁሉ የሙያው ሰው እስከሆነ ድረስ ይመለከተዋል። እኔ የሕክምና ባለሙያ ባልሆንም አደራው ያው ነው። በዚያው ሕግ አንቀጽ 514 የሰው በሽታን ማስተላለፍን የሚመለከት ድንጋጌ አለ። እዚህ ላይ የላቦራቶሪው ቁጥር ወደ ፍርድ ቤት ሊገባ ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ፓርትነር የተባለው ጥናት አንደኛው ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበትን ወደ 800 የሚጠጉ ጥንዶች ተከታትሎ፣ ቫይረሱ ከታፈነለት ሰው ወደ ጓደኛው የተላለፈበት አንድም አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ቫይራል ሎዱ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ስለዚህ አንድ ዳኛ «አውቆ ለአደጋ አጋልጧል» የሚል ክስ ቢቀርብለት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በዚያ ጊዜ የነበረውን ቫይራል ሎድ ነው። በበኩሌ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ፍርድ ማስረጃ የጎደለው ነው እላለሁ።

ሌላው ነገር ገንዘብ ነው። የመመርመሪያው ኬሚካልና የናሙናው ማጓጓዣ ለዓመታት በአብዛኛው የተሸፈነው ከውጭ፣ በተለይ ከዩናይትድ ስቴትስ በሚመጣ እርዳታ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. ያ እርዳታ በድንገት ሲታገድ፣ በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ገደማ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ተደረገ። መድኃኒቱ ሲጎድል ሁሉም ይጮኻል። ምርመራው ሲጎድል ግን ማንም አይጮኽም፤ ቫይረሱ ሲነሳ ያለ ሕመም፣ ያለ ድምፅ ነውና።

ለዚያ ሰው በሻይ ቤቱ በረንዳ የመለስኩለት ምንም የማያሻማ ነገር አልነበረም። በኋላ ስልክ ደውዬ ግን የገባኝን ነገርኩት፤ 412 ያኔ ደህና ቁጥር እንደነበር፣ ለዛሬ ግን እንደማይመሰክር፣ መጠየቅ ያለበትም የቫይራል ሎዱን መሆኑን። ካላ አዛር ይዞት ያውቅ እንደሆነም ጠየቅሁት። «ከሁለት ዓመት በፊት አብደራፊ ተኝቼ ነበር» አለኝ። እንግዲያው ሲዲ ፎሩም ይለካ፣ ወደ አገርህ ስትመለስ በምትይዘው የዝውውር ወረቀት ላይም ሁለቱ ቁጥሮች ከነቀናቸው፣ ካላ አዛር መታከምህም ጭምር ይጻፍልህ አልኩት። «ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ ቦታ አለው?» ሲል ጠየቀኝ። ከሌለው በጀርባው ይጻፍ አልኩት።